ለጥብስ የሚሆን ጎድን፦ አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ

ሱፐርማርኬት ስጋ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚያደናግረው ቾፕ የሚሉት ነው። ብዙውን ጊዜ ከነአጥንቱ የተቆረጠ ስጋ ነው፤ የበጉም የአሳማውም ጎን ለጎን ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። መልኩን አትመኑ፤ የተለጠፈበትን አንብቡ። ላምብ ካለ በግ፣ ፖርክ ካለ አሳማ ነው። ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ከሆናችሁ በጉን ያዙ። አሳማ ለምትበሉም አሠራሩ ያው ነው።

በጠርሙስ የሚሸጠውን የስጋ መዘፍዘፊያ ተዉት። ብዙውን ጊዜ ስኳርና ጨው ይበዛበታል፤ ደግሞም ቤታችሁ ባለው ነገር የተሻለ ይወጣችኋል።

ለ2 ፓውንድ ስጋ፣ ማለትም ለ900 ግራም ገደማ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አራት ፍልቃቂ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ይበቃል። የጥብስ ቅጠል እንዳትረሱ። እዚህ ሮዝመሪ ይሉታል፤ እርጥቡ አትክልት ክፍል አለ። ቅጠሉን ከእንጨቱ ላይ ግፈፉና ከተፍ ከተፍ አድርጉት፤ ሽታው ብቻውን አገር ቤት ይወስዳችኋል። ሁሉንም ቀላቅላችሁ ስጋውን በደንብ እሹት፣ ከድናችሁም ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት።

ሎሚውን ግን ከመጥበሳችሁ አንድ ሰዓት በፊት ጨምሩ። አብሮ ካደረ ላዩን ያላሽቀዋል። የአገራችንን ትንሿን ሎሚ የሚመስለው ላይም የሚባለው አረንጓዴው ነው።

በርበሬ ልጨምር ማለታችሁ አይቀርም። እባካችሁ አትጨምሩ፤ የጋለ መጥበሻ ላይ ቶሎ ያርና ይመራል። ሚጥሚጣ ማዕድ ላይ ይድረስ።

ስትጠብሱ ስጋውን በሶፍት አድርቁት፤ እርጥብ ከሆነ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጣት የሚያህል ውፍረት ካለው በየጎኑ 4 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለበግም ለአሳማም ቾፕ የሚመክረው የውስጥ ሙቀት 145 ፋራናይት ነው፣ ከዚያ 3 ደቂቃ ማሳረፍ። በደንብ የበሰለ ለምትወዱ እስከ 160 አድርሱት። ስጋው ያደረበትን ቅመም ሳታፈሉ እላዩ ላይ አታፍስሱ፤ ጥሬ ስጋ ነክቶታል።

የአፓርታማ የጭስ ማንቂያ ጥብስ አይችልም። መጥበሻውን ከመጣዳችሁ በፊት መስኮት ክፈቱ፣ የምድጃውን አየር መሳቢያ አብሩ። ቢጮህ እንኳ ባትሪውን እንዳትነቅሉት።