ስልክ የሚያስጥለው የእርድ ቀለም

ሐምሌ ሲጋመስ ቤታችን ይጠባል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያስወጣም፤ ሁለቱ ልጆቼና የጎረቤቴ ሦስት ልጆች አራተኛ ፎቅ ላይ ተፋፍገው በአንድ ስልክ ይጣላሉ። ስልኩን የማስጥላቸው በወጥ ቤት ቀለም ነው፤ የእንቁጣጣሽ ስዕል እናዘጋጃለን።

በመሀል ቡሄ አለ። ነሐሴ 13 የሚጮኸውን ጅራፍ ልጅ ራሱ ሊገምደው ይችላል። ቃጫ ከጠፋ ያረጀ የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሩና ክሩን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ አስጎንጉኑት። ወደ ጫፉ ሲደርስ ክር እየቀነሰ ያቅጥነው፤ ከላይ እስከ ታች እኩል የወፈረ ጅራፍ አይጮኽም። ጩኸቱ የሚወጣው የቀጠነው ጫፍ ከድምፅ ፈጥኖ ሲወነጨፍ ነው። ማጮኹ ሜዳ ላይ ይሁን፣ ሌሎቹም ራቅ ይበሉ። እኔ በረንዳ ላይ ፈቅጄ የአበባ መትከያዬን አስሰብሬያለሁ።

ወደ ስዕሉ ልመለስ። በልጅነቴ የሚሥሉት ወንድሞቼ ነበሩ፣ እኛ ሴቶቹ አበባየሆሽ እንወጣለን። ወንድሜ በየቤቱ አድሎ ስሙኒ ስሙኒ እየለቀመ ሲመለስ እቀና ነበር። አሁን የታተመው መንገድ ላይ ስለሚሸጥ ልጆቹ «ገዝተን እናድል» አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። እኔ ቤት ሴቱም ወንዱም ይሥላል።

መጀመሪያ ወረቀቱን መክተፊያ ላይ አድርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፉት፤ አለበለዚያ ሲርስ ይጨማደዳል። ብሩሽ አልገዛም፣ ስቴኪኒ ላይ ጥጥ እጠቀልላለሁ።

ለቢጫው አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ስኒ ሙቅ ውሃ በጥብጡ። ልብስ ከነካ ታጥቦ በቀላሉ ስለማይለቅ አሮጌ ቲሸርት አልብሷቸው። ለቀዩ ግማሽ ቀይ ሥር ፈቅፍቃችሁ በስስ ጨርቅ ጭመቁት። ቀለሞቹ ወረቀቱ ላይ ከተንዠቀዠቁ ቀጠን ያለ የዱቄት ሙቅ ትንሽ ጨምሩባቸው። ለጥቁሩ የከሰል ስባሪ በቂ ነው። አረንጓዴው አስቸግሮኝ ነበር፤ ጎመን ቀቅዬ ያገኘሁት የደፈረሰ ውሃ ብቻ ነው። ትንሿ ልጄ ግን እርጥብ ሣር ወረቀቱ ላይ አሽታ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉ ሁሉ የሚሣለው በሣር ነው።

አሁን ልጆቹ የሚወዱት መጣ። አደይ አበባውን በእርድ ቀቡና እስኪደርቅ ጠብቁ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጡ፣ ስቴኪኒውን ነክራችሁ ቢጫው ላይ ጠብ አድርጉ፤ ወዲያው ይቀላል! ሎሚ ጠብ ስታደርጉበት ደግሞ ቢጫነቱ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ኪሎ ሎሚ አለቀብኝና አሁን አንድ ብቻ ቆርጬ ነው የማቀርበው። የአበባውን መሀል በዚህ መንገድ ቀይ ማድረግ ያምራል።

ምን እንደሚሥሉ አልመርጥላቸውም። ፀሐይ፣ ዶሮ፣ መልአክ የተለመዱ ናቸው፤ የጎረቤቴ ልጅ አምና ሚኒባስ ሣለ፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ። መስከረም 1 ጠዋት ሲያድል ከሁሉም በላይ የተሸለመው እሱ ነበር። ታች ፎቅ ያሉት እማማ «ከዘመን ዘመን ያሸጋግርህ» ብለው መርቀው ሚኒባሱን ቡፌያቸው ላይ አቆሙት።

የጊዜው ነገር እንዳይረሳ፦ የቀይ ሥር ቀለም ሰንበት ሲል ይደበዝዛል፣ ቡናማም ይሆናል፤ እርድም ፀሐይ ካገኘው ይለቃል። ስለዚህ በከሰልና በሣር የሚሠራውን ነሐሴ ላይ ጨርሱና ቢጫውንና ቀዩን ለጳጉሜ አቆዩት። የደረቀውን ስዕል ጋዜጣ መሀል አድርጋችሁ ከፍራሽ ሥር አስቀምጡ።