የአርሞኒካ ማይክ ሲያስቸግር፦ ኤለመንቱን ከመጣላችሁ በፊት

«ኤለመንቱ ሞቷል፣ ሌላ ከየት ላግኝ?» እያሉ ማይካቸውን ይዘው ከሚመጡ አርሞኒካ ተጫዋቾች የብዙዎቹ ኤለመንት ደህና ነው። የተበላሸው ገመዱ ወይም ጎማው ነው፤ አለዚያም ማይኩ የማይሆን ቦታ ተሰክቷል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ውስጡ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ምርመራው የሚለያየው እዚያ ላይ ነው።

ኤለመንት የምንለው ከፍርግርጉ ጀርባ የተቀመጠውን፣ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክብ ነገር ነው። በአሮጌዎቹ የጥይት ቅርፅ ማይኮች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አስታቲክ የተባለው ኩባንያ በሠራው ጄቲ-30 ውስጥ፣ እንዲሁም ያው ኩባንያ ለአርሞኒካ ሠሪው «ሆነር» በሠራው ብሉዝ ብላስተር ውስጥ፣ ክሪስታል አለ። ስሱ ዲያፍራም (ድምፅ ሲመታው የሚርገበገበው ሽፋን) ከሮሸል ጨው የተሠራ ቅጠል ይገፋል፣ ጨዉም ሲታጠፍ ቮልቴጅ ያወጣል። ሹር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣውና ሰው ሁሉ «ግሪን ቡሌት» የሚለው 520 ግን ማግኔታዊ ነው። በእሱ ውስጥ ዲያፍራሙ በቀጭን ዘንግ አንዲት የብረት ምላስ ያወዛውዛል፤ የምላሷ መወዛወዝ ነው በጥቅሉ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው። በገበያ ሲአር እና ሲኤም የሚባሉት የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

እነዚህ ማይኮች ሲሠሩ ብሉዝን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ለሬዲዮ መገናኛና ለአዳራሽ ድምፅ ማጉያ ነበሩ። ሊትል ዋልተርን የመሰሉ የቺካጎ ተጫዋቾች ማይኩን ከአርሞኒካው ጋር በመዳፋቸው አፍነው በቫልቭ (ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) በሚሠራ አምፕሊፋየር ሲነፉ ያ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። ማይኩ ጠባብ ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው 520ዲኤክስ እንኳ በወረቀት ላይ የሚሰጠው ከ100 እስከ 5000 ኸርዝ ብቻ ነው። ለዘፋኝ ቢሆን ጉድለት ነበር። ለአርሞኒካ ግን ቅመሙ እሱ ነው፤ «ጥራት» የሚለውን ቃል እዚህ በሌላ ሚዛን ነው የምንለካው።

ምንም ድምፅ የለም

መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። እየተሽከረከረ የሚገባው የአሮጌ ማይክ ማገናኛ መሀሉ ላይ ያለችው መንኪያ ትቆሽሻለች ወይም ወደ ውስጥ ትሰምጣለች፤ በአልኮል ማጽዳት ብቻ ስንቱን ማይክ ከሞት መልሷል። ቮልዩም ማስተካከያ ካለውም እሱን ዘልላችሁ ኤለመንቱን በቀጥታ ከገመዱ ጋር አገናኙትና ሞክሩ።

ከዚያ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዙ። ማግኔታዊ ኤለመንት ላይ የኦም ንባብ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠን፣ ማየት አለባችሁ። ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተቆርጧል። አንዳንዴ የተቆረጠው ከተርሚናሉ ሥር ስለሆነ ዓይኑ ጥሩ የሆነ ሰው ሊቀጥለው ይችላል፤ ሽቦው ግን ከፀጉር የቀጠነ ነውና እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተዉት።

ክሪስታል ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ክሪስታል ደህና ሆኖም በኦም ምንም አያነብም፤ ጠባዩ የካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ነው። ቴስተሩ ዝም ስላለ ብቻ ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ ጤነኛ ክሪስታል በዓይኔ አይቻለሁ። ቴስተራችሁ ካፓሲታንስ (የማጠራቀም አቅም፣ በፋራድ የሚለካ) የሚለካ ከሆነ በዚያ ሞክሩት፤ አንድ ናኖፋራድ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ ተስፋ አለው። ከሌላችሁ አምፕሊፋየር ላይ ሰክታችሁ ፍርግርጉን በጥፍር ቀስ ብላችሁ ምቱ።

በእርግጥ የሞተ ከሆነ ገዳዩ ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው። የሮሸል ጨው 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበላሻል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከዚያ ያልፋል። ሌላው እርጥበት ነው። ይህ ጨው በጣም ሲረጥብ ይሟሟል፣ በጣም ሲደርቅም ውሃውን አጥቶ ዱቄት ይሆናል፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትንፋሽ እንነፋበታለን። ሦስተኛው ገዳይ እኔ ራሴ ነበርኩ። አንድ የሚያምር ክሪስታል ላይ አዲስ ሽቦ ልቀጥል ብዬ የመበየጃውን ካውያ ተርሚናሉ ላይ አቆየሁት፣ የመበየጃው እርሳስ አልይዝ ሲለኝ ደገምኩት። ስሰካው ዝም። ከዚያ ወዲህ የተርሚናሉን ሥር በፒንሳ ይዤ ነው የምበይደው፣ ሙቀቱን ፒንሳው እንዲጠጣው፤ ከሁለት ሰከንድም አላስቆይም። የሞተ ክሪስታል አይጠገንም። በቦታው ሴራሚክ (እንደ ክሪስታል የሚሠራ፣ ጨው ግን የሌለበት) ወይም ማግኔታዊ ይገባል።

ድምፁ ቀጭን ነው፣ ባሱ ጠፍቷል

ይህ ምልክት ሲመጣ ኤለመንቱን አትጠርጥሩ፤ የተሰካበትን ነው። ክሪስታል ካፓሲተር ስለሆነ የተሰካበት መግቢያ ኦም ሲያንስ ዝቅተኛው ድምፅ ይጠፋል። በቁጥር እንየው። ክሪስታሉ 1.5 ናኖፋራድ ነው እንበል። 1 ሜጋ ኦም የሆነ የጊታር አምፕሊፋየር ላይ ከተሰካ ድምፁ መቀነስ የሚጀምረው ከ106 ኸርዝ በታች ነው፤ የሲ አርሞኒካ የመጀመሪያ ቀዳዳ ሲነፋ 262 ኸርዝ ስለሆነ ምንም አትጎዱም። 100 ኪሎ ኦም የሆነ ነገር ውስጥ ካስገባችሁት ግን መቀነሱ ከ1060 ኸርዝ ይጀምራል። ይህ ማለት እስከ ሰባተኛው ቀዳዳ ድረስ ያለው ሁሉ ተነካ ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ኦም አካባቢ በሆነው የሚክሰር ማይክ መግቢያ ላይ የሚሰካማ የሚሰማው የትንኝ ድምፅ ነው።

መፍትሄው፦ ክሪስታልን 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መግቢያ ላይ ስኩ። ቮልዩም ልትጨምሩለት ከፈለጋችሁ 5 ሜጋ ኦም የሆነ ማስተካከያ ይሁን። ሰው እጁ ላይ ያገኘውን የጊታር ማስተካከያ አስገብቶ ከዚያ ማይኩን ይሰድባል። ለሲአርና ለሲኤም 250 ኪሎ ኦም ይበቃል። ወደ ሚክሰር መሄድ ግድ ከሆነ በመሀል ማዛመጃ ትራንስፎርመር ወይም ዲአይ ሳጥን (ማይኩን ከሚክሰሩ መግቢያ ጋር የሚያስማማ ትንሽ ሣጥን) አስገቡ፤ ለክሪስታል ግን ዲአይው መግቢያው ከፍተኛ የሆነ፣ በባትሪ ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ዓይነት ይሁን።

መግቢያው ትክክል ሆኖ ባሱ አሁንም ከሌለ፣ ኤለመንቱ የተቀመጠበትን የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉትን ማለቴ ነው፣ አውጥታችሁ እዩት። ሃምሳ ዓመት የኖረ ጎማ እንደ ብስኩት ይሰበራል። አየር በጎኑ ወደ ኋላ ሲያመልጥ መዳፋችሁ የሚሠራው ግፊት ዲያፍራሙን በሙሉ አይመታውም። ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጣችሁ ዙሪያውን አጥብቁት። ለዚህ ብልሃት አንድም ሰው ገንዘብ አስከፍዬ አላውቅም፤ ልዩነቱን ግን ከሩቅ ትሰሙታላችሁ።

ያፏጫል

አርሞኒካ ማይክ ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማል፤ ስፒከሩ ፊት ከቆማችሁ ያፏጫል። ወደ ጎን ቁሙ። መዳፋችሁን ስትከፍቱ የሚብስ ከሆነ ቮልዩሙን በማይኩ ላይ ቀንሱ። ያም አልበቃ ካለ አምፕሊፋየሩ ለጊታር የተሠራ ስለሆነ የመጀመሪያው ቫልቭ ከሚገባው በላይ ያጎላል፦ 12ኤኤክስ7 የሚባለው ቫልቭ መቶ እጥፍ ያጎላል፣ 12ኤዩ7 ደግሞ ሃያ አካባቢ። ሁለቱም አንድ ሶኬት ላይ ይገባሉ። ብዙ ሰው በመሀል ያለውን 12ኤዋይ7 ይመርጣል፣ እኔም እንደዚያው። ከመንቀላችሁ በፊት አምፕሊፋየሩን አጥፉት፣ ይብረድ። ቫልቩን ከውጭ መቀየር እንጂ ሣጥኑን መክፈት ውስጥ አትግቡ፤ ካጠፋችሁትም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይቀራል።

ይጎረናል፣ ኡ...ም ይላል

የማይኩን ብረት በእጃችሁ ስትነኩ ከጠፋ፣ ቅርፊቱ ከገመዱ መከለያ ሽቦ ጋር አልተገናኘም። አገናኙት። ስትነኩት የማይለወጥ፣ ማይኩን ስታዞሩት ግን ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ማግኔታዊው ጥቅል ከአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር እየሰበሰበ ነው፤ ራቅ በሉ። ከአሜሪካ ለመጣ አሮጌ አምፕሊፋየር አንድ ነገር ልጨምር፦ የተሠራው ለ110 ቮልት ገደማ ነው፣ አገር ቤት ያለው 220 ነው። መቀነሻ ትራንስፎርመር ሳታደርጉ ከሰካችሁት የሚጤሰው ማይኩ አይሆንም።

አዲስ ኤለመንት ገዛሁ፣ ባሰበት

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚፈሰው። «አሮጌ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም። ክሪስታል በሣጥኑ ተዘግቶ ያለ ሥራ ቢቀመጥም ያረጃል፤ «ያልተነካ የ1950ዎቹ» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ምናልባት ያልተነካ ሬሳ ነው። ማግኔታዊዎቹ የተሻለ ይዘልቃሉ፣ እነሱም ቢሆኑ አንዱ ከሌላው ይለያል። አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ቁጥር የታተመባቸው ሁለት ሲኤሞች አንድ ቅርፊት ውስጥ እየቀያየርኩ ነፋሁ፤ አንዱ ያገሳል፣ ሁለተኛው አፉን በጨርቅ የታፈነ ይመስላል።

ዛሬ የሚሸጠው 520ዲኤክስ ቅርፊቱ ያው ቢመስልም ውስጡ የድሮው ሲአር አይደለም። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ አይጎረብጥም። መጥፎ ማይክ ነው አልልም፤ በድሮ ሸክላ የሰማችሁትን ጉርምርምታ ፈልጋችሁ ከገዛችሁት ግን ትናደዳላችሁ። አዲሶቹ ሴራሚኮች ሙቀትና እርጥበት ይችላሉ፤ ለሚጓዝና መኪና ውስጥ ማይክ ለሚረሳ ሰው የምመክረው እነሱን ነው። ከክሪስታል ይልቅ ግን ድምፃቸው ይሰላል፣ ስለዚህ የአምፕሊፋየሩን ትሬብል (የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) ዝቅ አድርጉ።

ሻጭ ሲያጋጥማችሁ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ማግኔታዊ ከሆነ የኦም ንባቡን በፎቶ ይላክ፣ ክሪስታል ከሆነ ናኖፋራዱን። ከዚያ ኤለመንቱ ቅርፊት ውስጥ ገብቶ፣ በመዳፍ ታፍኖ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲሳቡ የተቀዳ ድምፅ ይላክላችሁ። «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለ የቀዳውን አትቀበሉ፤ ደካማ ኤለመንትም ሄሎ ማለት ይችላል።