ከድሬ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ራሳችሁ አስሉት

ከድሬዳዋ ዋሽንግተን በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ 13 ሌላው 17 ይላችኋል። አቦ፣ በሰው ወሬ አትሂዱ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው።

መጀመሪያ መንገዱን ከፋፍሉት። ከድሬ አዲስ አበባ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ያዙለት። ከሐረር የምትነሱ ደግሞ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ድሬ የምትደርሱበትን አትርሱ።

ቀጥሎ ኮምፒውተር ላይ ጉግል ማፕን ከፍታችሁ ከቦሌ ዋሽንግተን ያለውን ርቀት ለኩ። 11,560 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። መስመሩ ወደ ሰሜን ጎብጦ ሜዲትራንያንን ሲያቋርጥ አትደንግጡ፤ ብርቱካን ላይ ክር ብትወጥሩ እንደምታዩት በክብ ምድር ላይ አጭሩ መንገድ እሱ ነው። የግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት ግን አይሆንም። ያገኛችሁትን ለ850 አካፍሉ (አውሮፕላኑ በሰዓት የሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው እንበል)፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 14 ሰዓት ገደማ ሆነ።

ይሄ በአየር ላይ ያለው ብቻ ነው። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ ከመልሱ ይረዝማል። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅ ጢም አድርጎ የሞላ አውሮፕላን መነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው ወደ አሜሪካ ሲኬድ መሀል ላይ ለነዳጅ ማረፍ የተለመደው።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ትኬቱን ማንበብ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ የየከተማው ነው። እንበል ሰኞ 22:30 ከአዲስ ተነስቶ ማክሰኞ 08:30 ዋሽንግተን ይገባል ይላል። 10 ሰዓት ይመስላል፤ አይደለም። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እኛ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት እንቀድማለን፣ በነሱ ክረምት በ8። በ7ቱ ካሰባችሁ 08:30 የኛ 15:30 ነው፤ ማለትም ከቀኑ 9:30። መሀል ላይ የሚያርፍበት ጭምር ጉዞው 17 ሰዓት ወጣው።

ከዚህ የባሰው ቀኑ ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00:30 ካለ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። እኛ ሌሊቱን ከሰኞ ጋር ስለምንቆጥረው ብዙ ሰው ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ግን ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ መገኘት አለባችሁ፣ ከድሬ የምትነሱትም ሰኞ በቀን ነው። ይህንን በወረቀት በኢትዮጵያ ሰዓት ጽፋችሁ ለሚሸኛችሁም ለሚቀበላችሁም ስጡ፣ በተለይ ለእናቶች።

የድሬውን በረራ ለብቻ አትቁረጡት፤ ከዋሽንግተኑ ጋር በአንድ ትኬት ይሁን። የድሬው ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጣችሁ፣ ሌላ በረራ ላይ የማስያዙ ጣጣ የአየር መንገዱ ይሆናል።