በዝንቦች ላይ የረጅም ጊዜ ትውስታን የምትፈትኑ ከሆነ እረፍቱን አትሸራርፉ

አንድ ጂን ለፍራፍሬ ዝንብ የረጅም ጊዜ ትውስታ ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ የምትነሱ ከሆነ፣ ሰዓት መቁጠሪያችሁን አዘጋጁ። እኔ ስጀምር ሐሳቤ ሁሉ ሥልጠናው ላይ ነበር። ቁም ነገሩ ግን በየሥልጠናው መሃል ባለው 15 ደቂቃ ውስጥ ነው።

ወደ 100 የሚጠጉ ዝንቦችን ውስጡ የመዳብ ፍርግርግ ባለው ቱቦ አስገቡ። ለ1 ደቂቃ ኦክታኖል የተባለ ሽታ እየነፈሰባቸው 12 ጊዜ በኤሌክትሪክ ይነዘሩ። ንጹህ አየር ካገኙ በኋላ ሁለተኛውን ሽታ ያለ ንዝረት አሽትቷቸው። ይህንን 10 ጊዜ ድገሙት፤ አንዱን ቡድን በየመሃሉ 15 ደቂቃ እያሳረፋችሁ፣ ሌላውን እያከታተላችሁ።

በማግስቱ ሁለቱም ያስታውሳሉ፤ ትውስታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪው ቲም ቱሊና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ዝንቦቹ አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት ሲበሉ የሚጎዳው እረፍት ያገኙት ትውስታ ነው። በእረፍት የተደጋገመው ትምህርት በነርቭ ሴሉ ውስጥ ክሬብ የተባለውን ፕሮቲን ያነሳሳል፤ ክሬብም ጂኖች እንዲነበቡ ያደርጋል፤ ከዚያ የሚወጣው አዲስ ፕሮቲን የነርቮቹን መገናኛ ይለውጣል።

ጂኑን ዝም የምታሰኙት ዝንቡ ካደገ በኋላ ይሁን። ከእጭነቱ ጀምሮ ከጠፋ አንጎሉ ሲሠራ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ስለ ትውስታ ምንም አይነግራችሁም። ሙቀት የሚቆጣጠረውን ጋል80 ተጠቀሙ፤ ይህ ፕሮቲን በቅዝቃዜ የጂን ማጥፊያውን አግዶ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል፦ በ18 ዲግሪ አሳድጉ፣ ከሥልጠናው በፊት ወደ 30 አዛውሩ።

አንድ ጊዜ ውጤቴ ቁልቁል ወርዶ ሳየው ጂኑን አገኘሁት ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ዝንቦቹ ኦክታኖልን በደንብ አያሸቱም ነበር! የሦስት ሳምንት ሥራ ሄደ። ስለዚህ ያልሠለጠኑትን ዝንቦች አስቀድማችሁ ፈትኑ፦ ከሽታው ይሸሻሉ? ከንዝረቱስ?

ፈተናው በጨለማ ነው፤ ዝንቦቹን ለማዘዋወር ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ይበቃል። በሁለቱ ሽታዎች መሃል አስቀምጧቸው፣ 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ቁጠሩ። ከተነዘሩበት ሽታ ከሸሹት ላይ ወደዚያው የሄዱትን ቀንሱ፣ ለጠቅላላው አካፍሉ። ሽታዎቹን አለዋውጣችሁ በሌላ ቡድን ድገሙትና አማካዩን ያዙ።

እረፍት ያገኙት ብቻ ከወረዱ፣ ሳያርፉ የሠለጠኑት ግን ካልተነኩ፣ ጂናችሁን በቁም ነገር ያዙት። ሁለቱም ከወረዱ ወደ ሽታው ፍተሻ ተመለሱ።