ጅማ ላይ በመካከለኛ ገንዘብ መኪና እንዴት እንደሚገዙ

መጀመሪያ ገንዘብዎን ለሁለት ይመድቡ። ያለዎትን በሙሉ ለመኪናዋ ዋጋ አይስጡ፤ ቢያንስ ከአሥር አንዱን ያስቀሩ። ስም ማዛወሪያው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ፣ ጎማውና የዘይት ቅያሪው ከዚያ ይወጣል። እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ኪሴን አራግፌ ስለከፈልኩ፣ ጎማ መግዣ አጥቼ መኪናዋ ሁለት ወር ግቢ ውስጥ ቆማለች።

ቀጥሎ የት እንደሚነዷት ይወስኑ። ውሎዎ ከተማ ውስጥ ከሆነ ቪትዝ ትበቃለች፤ ነዳጅ አትበላም፣ መለዋወጫዋም አያስቸግርም። ገጠር ቤተሰብ ካለዎት ወይም የቡና ማሳ የሚመላለሱ ከሆነ ግን ክረምት ላይ በቀዩ ጭቃ ሆዷ መሬት ይነካል፤ ከመሬት ከፍ ያለ ይፈልጉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ የቤንዚን መኪና ከፈለጉ ምርጫዎ በአብዛኛው ያገለገለ ነው። ኤሌክትሪክ ካሰቡ ደግሞ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚርቅ፣ መሐል ላይም የግቤ ዳገት እንዳለ አይርሱ። በአንድ ቻርጅ ስንት እንደምትሄድ ከሻጩ ይልቅ ያንኑ ሞዴል የሚነዳ ሰው ይጠይቁ።

ለማየት በጠዋት ይሂዱ፤ ሻጩም ቀድሞ እንዳያስነሳት ይንገሩት። ሲደርሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ፤ ብዙ የሞተር ችግር የሚታየው በብርድ ሲነሳ ነው። ጢሱን ከኋላ ሆነው ይዩ። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) እስከማስፈታት ይደርሳልና መኪናዋን ይተዉ። የጠዋት ብርድ የሚያመጣው፣ ወዲያው የሚጠፋው እንፋሎት ግን አያስፈራም።

የጅማ ዝናብ የሚጎዳው ከታች ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ አያማልልዎት። የእግር ምንጣፉን ገልጠው በጣትዎ ይጫኑት፣ ያሽትቱትም። ከረጠበ ወይም የሻገተ ሽታ ካለው ውኃ ይገባል፤ ላሜራውም ከሥር እየዛገ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በሮቹንና የጎማ ክንፎቹን ይነካኩ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (የላሜራ መሙያ) ተሞልቶ ይሆናል፤ ተጋጭታ ሊሆን ይችላል። መከላከያው ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ አይሞክሩት። ኪሎ ሜትሩን ብቻም አይመኑ፤ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ ቆጣሪው ትንሽ ካሳየ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ይንዷት፤ አስፋልት ላይ ብቻ አይደለም። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን የጅሬን ዳገት ይውጡባት። ካምቢዮው ቢንገራገጭ፣ ፍሪሲዮኑ ቢያመልጥ፣ ሙቀቱ ቢጨምር እዚያ ይታያል። ሲወርዱ ደግሞ ፍሬኑን ይፈትሹ፤ መሪው ወደ አንድ ወገን መጎተት የለበትም።

ከወደዷት መካኒክ ያሳዩ፤ ደላላው የጠቆመውን ሳይሆን እርስዎ የሚያውቁትን። ደላላው የሚከፈለው ግዢው ሲያልቅ ነውና ምክሩን በዚያው ልክ ይስሙት።

ሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን) ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ፣ መቶ ብርም ቢሆን። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ሻጩ ባለቤቷ ካልሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መፍቀዱን ያንብቡ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ከተመዘገበችበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ያረጋግጡ። «እኔ አጣርቻለሁ» የሚልዎት ወንድምዎ ቢሆን እንኳ ራስዎ ይሂዱ። ቀሪውን ክፍያ በባንክ ያድርጉት፤ ደረሰኙ ይቀርልዎታል።

ቁልፉን በተረከቡ ዕለት ጋራዥ ይግቡና ዘይቱንና ፊልትሮውን ያስቀይሩ፤ ሻጩ ባለፈው ሳምንት ነው የቀየርኩት ቢልዎትም።