ማን ይቀመጣል፣ ማን ይቆማል፦ ከፊልም ማኅበራዊ ትርጉም የመፈለግ ዘዴ

ብዙ ተመልካች የፊልምን ማኅበራዊ ትርጉም የሚፈልገው በንግግሩ ውስጥ ነው፤ ጠበቃው በችሎት በሚያሰማው ክርክር፣ እናት ለልጇ በምትሰጠው ምክር፣ ወይም ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ላይ በሚወጣው ጽሑፍ። እንዲህ ያለው ቦታ ግን አዘጋጁ የፈለገውን ራሱ የተናገረበት ስለሆነ ፍለጋ የሚያስፈልገው አይደለም። የአንድ ኅብረተሰብ ሥርዓት ይበልጥ የሚገለጠው ማንም አፍ አውጥቶ በማይናገረው ነገር ነው፤ ማን ተቀምጦ ማን እንደሚቆም፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ የማን ደብዳቤ በማን እንደሚነበብ። ከዚህ በታች የቀረበው ዘዴ በዚህ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ውጪ ለተሠሩ ፊልሞች፣ ለአኒሜሽንና ከሌላ አገር ለሚመጡ ሥራዎች ይበልጥ ያገለግላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመጀመሪያ ልምምድ አጭርና ገጸ ባሕርያቱ ጥቂት የሆኑ ፊልም ይምረጡ። እኔ የምመክረው ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ1966 ያወጣውን «ላ ኗር ደ» ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ርዝመቱም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ታሪኩ ዲዋና ስለምትባል፣ ፈረንሳውያን አሠሪዎቿን ተከትላ ከዳካር ወደ ፈረንሳይዋ ከተማ አንቲብ ስለሄደች ወጣት ነው። ልጆች ልትጠብቅ ተቀጥራ ሳለ፣ እዚያ ስትደርስ ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢና ቤት ጠራጊ ትደረጋለች፤ አገሩንም ከአፓርታማው መስኮት አልፋ አታውቀውም። ቤሩት ወይም ጅዳ ሠርታ የተመለሰች እኅት ላለችበት ቤተሰብ ይህ ማብራሪያ አያሻውም፤ አሠሪዋ እንኳ የምትጠራው «ማዳም» እየተባለች ነው።

መጀመሪያ ፊልሙን ያለ ማስታወሻ ደብተር፣ ስልክዎን ዘግተው፣ እስከ መጨረሻው ይመልከቱት። ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት ግን አንድ ዕቃ ብቻ መርጠው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይከተሉት። እዚህ ፊልም ውስጥ ዕቃው ጭምብል ነው። ዲዋና ሥራ ባገኘች ጊዜ ለአሠሪዎቿ በስጦታ ትሰጣቸዋለች፤ ዳካር ባለው ቤታቸው ከሌሎች አፍሪካዊ ጌጣጌጦች ጋር ይቀመጣል፤ አንቲብ ውስጥ ግን በባዶ ነጭ ግድግዳ ላይ ብቻውን ተሰቅሎ እናገኘዋለን። ኋላ ዲዋና ጭምብሉን መልሳ ትወስዳለች፤ ማዳም ልትቀማት ትታገላለች። ልጅቷ ራሷን ካጠፋች በኋላ ባልየው ጭምብሉንና ደመወዟን ይዞ ዳካር ወደ እናቷ ይሄዳል። እናት ገንዘቡን አትቀበልም። አንድ ትንሽ ልጅ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ሰውየው ከሰፈሩ እስኪወጣ ድረስ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል። ዕቃውን ብቻ በመከተል፣ ስጦታ እንዴት ጌጥ፣ ጌጥ እንዴት የጠብ ምክንያት፣ በመጨረሻም እንዴት አሳዳጅ እንደሚሆን በጥቂት መስመር ደብተርዎ ላይ ሰፍሮ ያገኙታል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የማን ድምፅ ይሰማል የሚለው ነው። ከእናቷ ደብዳቤ ሲደርሳት ዲዋና ማንበብ ስለማትችል አሠሪዋ ያነብላታል፤ ከዚያም ምን ልትል እንደምትፈልግ ሳይሰማ መልሱን ራሱ መጻፍ ይጀምራል፤ እሷም ደብዳቤውን ቀድዳ ትጥለዋለች። ይህን ትዕይንት አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው ይዩት፤ ብዕሩ በማን እጅ እንዳለና ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ ያኔ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ባልና ሚስቱ ደግ እየሠሩላት እንደሆነ ያምናሉ፤ ጭቆናውም ያለው እዚያው ደግነት ውስጥ ነው። በሌላ በኩል የዲዋና የውስጥ ሐሳብ የሚሰማው በፈረንሳይኛ፣ ያውም በሌላ ተዋናይት ድምፅ መሆኑ መዝገብ ሊገባ ይገባል። ሴምቤን ከሁለት ዓመት በኋላ «ማንዳቢ»ን በዎሎፍ ቋንቋ ሠራ። አንድ ፊልም በምን ቋንቋ እንደተሠራ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ለየትኛው ተመልካች እንደታሰበ መጠየቅ ይዘቱን የመመርመር አንድ አካል ነው።

የተመልካቹ ዓይን ከተለማመደ በኋላ ሰው የሚበዛበት ፊልም ሊሞከር ይችላል። የሊባኖሷ ናዲን ላባኪ በ2018 ያቀረበችው «ቅፍርናሆም» ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው፤ ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዷ ራሒል፣ በቤሩት በሐሰተኛ ወረቀት የምትኖር፣ ሕፃን ልጇን በምትሠራበት ቦታ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የምትደብቅ ኢትዮጵያዊት ናት። እዚህ የምንከተለው ዕቃ ወረቀት ነው። ፊልሙ ገና ሲጀምር ሐኪም የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የትንሹን ልጅ የዘይንን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን 12 ዓመት ገደማ ነው ብሎ ይገምታል፤ ልጁ የልደት ወረቀት የለውምና። በደብተርዎ አንድ ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ያለውን ወይም የጎደለውን ወረቀት፣ ያንንም ሊሰጠውና ሊነፍገው የሚችለውን ሰው ይዘርዝሩ። እንደዚያ ሲደረግ ልጁንና ራሒልን ያገናኘው አጋጣሚ ብቻ እንዳልሆነ ይገለጣል፤ ሁለቱም በመንግሥት መዝገብ ፊት የሌሉ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የራሒል ችግር ሙሉ በሙሉ የሚገባው የካፋላን አሠራር ለሚያውቅ ነው፤ የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ ቤቱን ጥላ የወጣች ዕለት ሕጋዊነቷም ይቀራል። ስለዚህ ፊልሙ የሚያነሣውን ሕግ ከፊልሙ ውጪ ማንበብ፣ ከተቻለም በዚያ ኑሮ ያለፈችን ሴት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዘይን የጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን በመስታወት ነጸብራቅ እንዲታይ አድርጎ፣ ድምፁ ስለማይሰማ ንግግሩን ራሱ እየፈጠረ የራሒልን ሕፃን የሚያጫውትበት ቦታ፣ ስለ ድህነት ከተደረጉት ንግግሮች ሁሉ በላይ ይናገራል። በአንጻሩ ልጁ ወላጆቹን «ስለወለዱኝ» ብሎ የሚከስበት የችሎት ክፍል ለእኔ የፊልሙ ደካማ ጎን ነው፤ ጥፋቱን ከሥርዓቱ አንሥቶ ድሆች ለምን ይወልዳሉ ወደሚል ፍርድ ያዘነብላልና። ፊልሙን መውደድ ከዚህ ዓይነቱ ክርክር ሊያግድ አይገባም።

አኒሜሽን ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል። ካሜራ ያላሰበውን መንገደኛ ወይም ደመና ሊቀርጽ ይችላል፤ በተሣለ ፊልም ግን በአጋጣሚ የገባ ነገር ስለሌለ፣ ለምን እንዲህ ተሣለ፣ ምንስ ሳይሣል ቀረ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማርጃን ሳትራፒና ቫንሳን ፓሮኖ በ2007 ያወጡት «ፐርሴፖሊስ» በኢራን አብዮት ዘመን ያደገችን ልጅ ታሪክ የሚተርክ ሲሆን፣ ያለፈው ጊዜ በጥቁርና ነጭ፣ የአሁኑ የአውሮፕላን ጣቢያ ትዕይንት በቀለም ነው። ልጅቷን በመንገድ ላይ አስቁመው ስለ አለባበሷ የሚያፋጥጧት ሁለት ሴቶች ጥቁር ልብሳቸው እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይከባታል። እዚህ ላይ የምናየው የሴቶቹን መልክ ሳይሆን የልጅቷን ፍርሃት መሆኑን መለየት ይገባል፤ ይህ ካልተለየ ሥዕሉን የአንድ ሕዝብ መልክ አድርጎ የመውሰድ ስሕተት ይከተላል።

ሁሉን ነገር ምሳሌ የማድረግ ፈተናም አለ። ከላትቪያ የመጣውና በ2025 በምርጥ አኒሜሽን ኦስካር ያገኘው «ፍሎው» አንድም የሰው ቃል የሌለበት፣ ጎርፍ ያሳደዳቸው እንስሳት በአንዲት ጀልባ የሚጓዙበት ፊልም ነው። ድመቷን ስደተኛ፣ ጀልባዋን አገር ማድረግ ይቀላል፤ ነገር ግን ትርጉሙ ከሁለት ወይም ከሦስት ትዕይንት ማስረጃ ካላገኘ ቢተው ይሻላል።

በመጨረሻ የተቀረጸበትንና ለሕዝብ የታየበትን ዓመት ለይተው ይጻፉ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸው ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት በ1974 ነው፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው በማርች 1975 ሲሆን፣ ፊልሙ ለተመልካች የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ጭሰኞቹ ላይ ሲጮህ የሚታይበት ትዕይንት ሲቀረጽ በሥራ ላይ ያለ ሥርዓት ነበር፤ ሲታይ ደግሞ በወረቀት የተሻረ። በዚህ ፊልም ላይ ከሌሎች ጋር ለመወያየት ከተሰበሰቡ፣ ባለርስቱ የሚታይበትን አንድ ትዕይንት አቁመው በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ያየውን ብቻ እንዲናገር ያድርጉ፤ ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ የሚፈቀደው ሁሉም ያየውን ተናግሮ ሲጨርስ ነው።