የሞተር ሳይክል ጥርስ ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች

ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ወደ እኔ የሚመጣው ሞተር ግማሹ የካቴና ጣጣ ያለበት ነው። ከፎገራ የሚመጣው በዋልካ ጭቃ ተለስኖ ካቴናው እንኳ አይታይም። ባለቤቱ ገና ሳይወርድ «ጥርስ ቀይርልኝ፣ አልጎትት አለኝ» ይላል። ጥርስ የምንለው ካቴናው የሚዞርበትን የፊትና የኋላ ስፕሮኬት ነው። መቀየሩ ከባድ ሥራ አይደለም። ግን በዚህች ሥራ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ አቅጣጫውን አታምታቱ። ልጆች «ትልቅ ጥርስ ፈጣን ነው» ይላሉ። የትኛው ትልቅ? የፊቱ ሲተልቅ ፍጥነት ይጨምራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። የኋላው ሲተልቅ ተቃራኒው ነው። የጥርሱ ብዛት ፊት 15፣ ኋላ 45 ከሆነ የኋላ ጎማው አንዴ እንዲዞር የፊቱ 3 ጊዜ ይዞራል። ፊቱን 14 ስታደርጉት 3.21 ይሆናል። ወደ 7 በመቶ ጉልበት አገኛችሁ ማለት ነው። ይህንኑ ከኋላ ለማግኘት 48 መግጠም አለባችሁ። ስለዚህ ፊቱን በአንድ ጥርስ ብቻ ቀይሩና ነድታችሁ እዩት። በአንዴ ሁለት ሦስት አትቀንሱ፤ ትንሽ ጥርስ ላይ ካቴናው አብዝቶ ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል።

ምርጫው ደግሞ በምትሄዱበት መንገድ ይሁን። ባሕር ዳር ከተማው ሜዳ ነው፤ አብሮት የመጣው ጥርስ ይበቃል። ሰው አፈናጦ ቤዛዊት ለሚወጣ፣ ወይም ኩንታል አስሮ ከወረታ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚገባ ግን ፊቱን በአንድ መቀነስ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ያተርፍለታል። አንድ ልጅ በጎንደር መንገድ ለመብረር ብሎ ፊቱን አተለቀ። ሥራው ግን እህል ማመላለስ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይዞ መጣ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አዲስ ጥርስ ከአሮጌ ካቴና ጋር መግጠም! ስንት ጊዜ ተናገርኩ። ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል። ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፤ በየመጋጠሚያው ያለው ፒንና ቡሽ እየተበላ ነው። አዲሱ ጥርስ የተሠራው ላልረዘመ ካቴና ነው። የረዘመው ሲገባበት ጭነቱ በሙሉ ጥቂት ጥርሶች ላይ ያርፍና እነሱን ይበላቸዋል። በሌላ ጊዜ ደግሞ አዲስ ካቴና ገዝተው በተበላ ጥርስ ላይ ያስሩታል። ያው ነው። «ለአሁኑ ይሁንልኝ፣ ብር የለኝም» ትሉኛላችሁ። የብር ነገር ይገባኛል፣ እኔም ከዚያው ኑሮ ነኝ። ግን ያንን ጥርስ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግማችሁ ትገዙታላችሁ፤ ያን ጊዜ ካቴናውም ይጨመርበታል። ለማወቅ ጋራዥ መምጣት እንኳ አያስፈልግም። የኋላው ጥርስ መጨረሻ ላይ ካቴናውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። የጥርሱ ግማሽ ከታያችሁ ካቴናው አልቋል። የጥርሱ ጫፍ እንደ ማጭድ ከተቆለመመ እሱም አልቋል። ፊት፣ ኋላ፣ ካቴና፤ ሦስቱ አብረው ይቀየሩ።

ስትገዙ የካቴናውን ቁጥር ተመልከቱ። 420 እና 428 ካቴና ከፒን እስከ ፒን ሁለቱም 12.7 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ስለዚህ የሚገጥሙ ይመስላሉ። ወርዳቸው ግን ይለያያል፤ አታደባልቋቸው።

የፊቱን ጥርስ ዳዶ ወይም ቡሎን ካቴናው ሳይወልቅ አላሉት። አንድ ሰው የኋላ ፍሬን ይርገጥ፣ ሌላው ይፍታ። ካቴናው ከወለቀ በኋላ በመዶሻ የሚታገሉ ብዙ አይቻለሁ።

የካቴናው መጋጠሚያ ላይ የምትገባ ትንሽ ቀጭን ብረት አለች። ዓሣ ትመስላለች፤ አንድ ጫፏ ድፍን፣ ሌላው ክፍት ነው። ዓሣ ጭንቅላቷን እንጂ ጅራቷን አስቀድማ አትዋኝም። ከላይ በሚያልፈው ካቴና ላይ ስትታይ ድፍኑ ጫፍ ወደ ፊት መሆን አለበት። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ገልብጬ ገጥሜያለሁ። ደንበኛዬ ሐሙሲት ሳይደርስ ካቴናው ወለቀና የፊቱ ጥርስ ላይ ተጠቅልሎ የሞተሩን ጎን ሰነጠቀው። ሰውየው አልወደቀም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማሠሪያውን እኔ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ያችን ብረት ሁለት ጊዜ ሳላይ ሞተር አላስረክብም።

ካቴና አታክርሩ። ብዙውን ጊዜ በትንንሽ ሞተሮች ላይ መሐሉ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ አለበት፤ የናንተን ልክ መመሪያው ላይ እዩ። ጎማውን እያዞራችሁ በጣም የሚከርበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ለኩ። የከረረ ካቴና የማርሹን ኩሽኔታ ይጨርሳል።

አራት ጎማ ሞተር ይዞ የሚመጣም አለ። ብዙዎቹ ጭራሽ ካቴና የላቸውም፣ በዘንግ ነው የሚሠሩት። አራቱንም ጎማ በካቴና የሚያሽከረክር ከሆነ ግን የኋላውን ብቻ መቀየር ከባድ ስህተት ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል መዞር አለባቸው። ካልሆነ ደረቅ መሬት ላይ እርስ በርስ ይጓተቱና ካቴና ይበጥሳሉ።

ካቴናውን የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ፤ የብረት ብናኝ አለበት። ካቴና ለማጠብም ጣና ዳር አትውረዱ። ያን ውኃ የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ። በነጭ ጋዝ በብሩሽ እጠቡና ቆሻሻውን በጣሳ ያዙት። ሞተሩ ተነስቶ ጎማው እየዞረ ግን በጨርቅ አትጥረጉ፤ ጨርቁን ሲይዝ ጣትም ይዞ ይገባል።

አዲስ ካቴና መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይላላል። ጢስ ዓባይ ደርሳችሁ ስትመለሱ አቁሙና ለኩት። የኋላ ጎማውን ዳዶም ደግማችሁ አጥብቁ።